አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ)፦ በሐበሻ ምድር የራሷንና የንጉሡን ልጅ ያጠባች እናት

ስለ ሐበሻው ሂጅራ ሲነሳ ሁላችንም የምናስታውሰው አንድ ታሪክ አለ። ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በነጃሺ ፊት ቆሞ ስለ ኢስላም ያስረዳል፤ ከሱረቱ መርየም ያነባል፤ ንጉሡ ያለቅሳል፤ የቁረይሽ መልእክተኞችም ያመጡትን ስጦታ ተሸክመው ይመለሳሉ። ይህን በመስጂድም በመድረሳም ስንሰማ አድገናል። የጀዕፈርን ባለቤት ግን እምብዛም አናነሳትም። አስማ ቢንት ዑመይስ (ረ.ዐ) በዚሁ በእኛ ምድር ከአሥር ዓመት በላይ ኖራለች። ሦስት ልጆቿን እዚህ ወልዳለች፣ እዚህ አጥብታለች። ዛሬ የእሷን ሕይወት የምናነሳው በተለይ ለወጣት እናቶች ነው፤ የመጀመሪያ ልጃቸውን ታቅፈው፣ ወተቴ አይበቃው ይሆን እያሉ ሌሊቱን በጭንቀት ለሚያነጉ እህቶቻችን።

አስማ ከኸስዐም ጎሳ የተወለደች ናት። እናቷ ሂንድ ቢንት ዐውፍ በሴት ልጆቿና በአማቾቿ ክብር ስሟ የሚነሳ ሴት ነበረች። መይሙና ቢንቱል ሓሪስ፣ በኋላ የምእመናን እናት የሆነችው፣ የአስማ የእናት ልጅ ናት። የዐባስ ሚስት ኡሙል ፈድልም እንዲሁ። ሰልማ ቢንት ዑመይስ ደግሞ የሐምዛ ሚስት ነበረች። እንግዲህ አስማ በመካ ዙሪያዋን በእህቶች የታጠረች ሴት ነበረች። ኢስላምን የተቀበለችውም በጣም ቀድማ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊዎች ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አርቀም ቤት ከመግባታቸው በፊት ከሰለሙት ይቆጥሯታል። ባሏ ጀዕፈር የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአጎት ልጅ ነው፤ በመልክም በጠባይም እሳቸውን ይመስል ነበር።

የቁረይሽ በደል ሲበረታ፣ በነቢይነት 5ኛ ዓመት (615 እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያዎቹ ስደተኞች ቀይ ባሕርን ተሻገሩ። አሥራ አንድ ወንዶችና አራት ሴቶች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የወጣው ቡድን ከፍ ያለ ነው፤ ወንዶቹ ብቻ ከሰማንያ ይበልጡ ነበር። ጀዕፈርና አስማ የሄዱት ከእነዚህ ጋር ነው። እህቶቿን፣ እናቷን፣ የምታውቀውን ቋንቋና የምታውቀውን ምግብ ሁሉ ከኋላዋ ትታ።

በአገራችን ብዙ አካባቢ ሴት ልጅ የመጀመሪያ ልጇን ስትወልድ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። እናት ታርሳታለች፣ ገንፎ ታገነፋላታለች፣ አጥሚት ታሞቅላታለች፤ ልጁ ሲያለቅስ ምን ሆኖ እንደሚያለቅስ እናት ታውቃለች። አስማ ይህ ሁሉ አልነበራትም። በሰው አገር፣ ነገ ይመልሱን ይሆን በሚል ስጋት ውስጥ፣ የበኩር ልጇን ዐብደላህን ወለደች። በሐበሻ ከሙስሊም ስደተኞች የተወለደው የመጀመሪያው ልጅ እሱ እንደሆነ ይነገራል። ከእሱ በኋላ ሙሐመድና ዐውን ተከተሉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የቁረይሽን የዘር ሐረግ የመዘገበው ዙበይር ኢብኑ በካር ያስተላለፈው፣ በኋላም የሶሓቦችን ታሪክ የጻፉ ዑለሞች የተቀባበሉት አንድ ዘገባ አለ። አስማ ዐብደላህን ከወለደች ከጥቂት ቀናት በኋላ ለነጃሺም ወንድ ልጅ ተወለደለት። ንጉሡ ወደ ጀዕፈር ሰው ልኮ የልጁን ስም አስጠየቀ። ዐብደላህ መባሉን ሲሰማ የራሱንም ልጅ ዐብደላህ አለው። ከዚያም አስማ የንጉሡን ሕፃን ተቀብላ፣ ከራሷ ልጅ ጋር እያጠባች ጡት እስኪጥል ድረስ አሳደገችው። በዚህም በንጉሡ ቤት ዘንድ ትልቅ ቦታ አገኘች።

ይህ የታሪክ ዘገባ ነው፤ ሸሪዓዊ ብይን የሚወጣበት ሐዲስ አድርገን አናቀርበውም። ነገር ግን ታሪኩን ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አዲስ የወለደች፣ በስደት ላይ ያለች፣ የሚደግፋት የእናት ዘመድ አጠገቧ የሌለ ወጣት ሴት ናት። ሌላ ሕፃን፣ ያውም የንጉሥ ልጅ፣ ሲሰጣት አቅፋ ተቀበለች። ወተቷ ለአንድ ብቻ ይበቃል የሚል ሐሳብ አልያዛትም።

የዛሬው የሕክምና ዕውቀትም የሚለው ከዚህ የራቀ አይደለም። ጡት ውስጡ ያለው ተቀድቶ የሚያልቅ እንስራ አይደለም። ልጁ በጠባ ቁጥር ሰውነት ተጨማሪ ወተት እንዲያመርት ትእዛዝ ይደርሰዋል፤ ብዙ ከተጠባ ብዙ ያመነጫል፣ ከቀነሰ ይቀንሳል። መንትያ የወለዱ እናቶች ሁለቱን ማጥባት የሚችሉት ለዚህ ነው። እናት ወተቴ አነሰ ብላ በጡጦ የላም ወተት ስትጀምር የሚሆነው ተቃራኒው ነው። ልጁ በጡጦው ጠግቦ ይተኛል፣ ጡቷን መጥባት ይቀንሳል፣ ወተቱም በእውነት እያነሰ ይሄዳል። መጀመሪያ ፍርሃት ብቻ የነበረው በሁለት ሳምንት ውስጥ እውነት ይሆናል።

ይህን ስንጽፍ በዓይነ ሕሊናችን የምናያት በአዲስ ቅዳም ያለች አንዲት ወጣት እናት ናት። ከእንጅባራ ወደ ዳንግላ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ ያለችውን ይህችን የፋግታ ለኮማ ወረዳ ከተማ የሚያውቅ ሁሉ የቅዳሜ ገበያዋን ያውቃል፤ ስሟም ከዚያው ነው። ድንች የሚሸጠው፣ ከዲከረንስ ዛፍ የተከሰለውን ከሰል በማዳበሪያ የሚያመጣው፣ ልጇን አዝላ የምትነግደው፣ ሁሉም የሚገናኙበት ነው። ብርዱ ጠንካራ ነው። ሙስሊሙ በቁጥር ጥቂት ነው። ባሏን ተከትላ ከሌላ አገር የመጣች፣ አገውኛ ገና ያልለመደች እህት እዚህ ስትወልድ፣ የእናቷ ቤት የሚርቅባት የአስማን ያህል ባይሆንም በመጀመሪያው ሳምንት ሌሊት ላይ ግን ያው ነው። ልጁ ያለቅሳል። ጎረቤት ትመጣለች። ጡቷን አይታ ገና አልያዘም ትላለች። ሌላዋ ወተቱ ቀጥኗል ትላለች። ሦስተኛዋ ለሕፃኑ ቅቤ ይላስ፣ የአብሽ ውኃ ይቅመስ ትላለች። ሁሉም የሚሉት በፍቅር ነው፤ ክፋት የለበትም። ልጅቷ ግን ከሦስቱም አፍ የምትሰማው አንድ ነገር ነው፦ አንቺ ለልጅሽ አትበቂም።

እዚህ ላይ ጥቂት ነገር በግልጽ እንናገር። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት፣ እንገር የምንለው፣ መጠኑ ትንሽ ነው። የሕፃኑ ሆድም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ይበቃዋል። ከበሽታ የሚጠብቀው ብዙ ነገር ያለውም እዚያ ውስጥ ነው፤ ታልቦ የሚደፋ ነገር አይደለም። ወተቱ በደንብ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ነው። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ጡት ለስለስ ማለቱ ወተቱ ደረቀ ማለት ሳይሆን ከልጁ ፍላጎት ጋር ተስማማ ማለት ነው። ልጅ የሚያለቅሰውም በረሃብ ብቻ አይደለም፤ ይበርደዋል፣ ይረጥባል፣ መታቀፍ ይፈልጋል። ታዲያ መጥገቡ በምን ይታወቃል? ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀንና ሌሊት ውስጥ ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ሲወለድ የነበረውን ክብደት የመለሰና ከዚያም የሚጨምር ልጅ ወተቱ በቅቶታል። ይህን ለማየት ሚዛን ያለው የጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይበቃል።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚያሳየው በአገራችን ከተወለዱ ሕፃናት ከመቶ 97ቱ ጡት ጠብተዋል። ማጥባትን የሚጠላ ሕዝብ አይደለንም። ከስድስት ወር በታች ካሉት ውስጥ ግን ሌላ ነገር ሳይቀላቀልባቸው የእናት ጡት ብቻ የሚጠቡት ከመቶ 58 ነበሩ፤ በ2019 በተደረገው አነስተኛ ጥናትም 59 እንጂ አልዘለለም። የቀሩት አርባዎቹ እናቶች ልጃቸውን የሚወዱት ከሌሎቹ አንሶ አይደለም። አንድ ሰው ጥርጣሬ አስገብቶባቸዋል፣ ወይም ገበያና ሥራ ጠርቷቸዋል።

ወደ አስማ እንመለስ። የንጉሡ ልጅ ከእሷ ጡት ሲጠባ የሆነው ነገር ከምግብ ያለፈ ነበር። በሱረቱ ኒሳእ አላህ (ሱ.ወ) ለጋብቻ ከከለከላቸው መካከል ያጠቡ እናቶችንና የጡት እህቶችን ጠቅሷል። በኢስላም ጡት ዝምድና ያመጣል። አንዲት እናት አጥብታ ያሳደገችው ልጅ ልጇ ነው፤ የእሷ ልጆችም እህትና ወንድሞቹ ናቸው። ስለዚህ በዘገባው መሠረት የሐበሻው ንጉሥ ልጅና የመካው ስደተኛ ልጅ የጡት ወንድማማቾች ሆኑ። ነጃሺ ለሙስሊሞች መሬቱን ሰጠ፤ ከእነሱ መካከል አንዲት ሴት ደግሞ ለልጁ ጡቷን ሰጠች። ስለ ሐበሻና ስለ ኢስላም ግንኙነት ብዙ ተጽፏል፤ የዚህን ያህል የሚያቀራርብ ነገር ግን ብዙ አናገኝም።

በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ (628 እ.ኤ.አ.) ስደተኞቹ በመርከብ ተመልሰው፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ኸይበርን በከፈቱበት ጊዜ ደረሱ። መዲና እንደገባች የሆነውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። አስማ ሐፍሷን ልትዘይር በሄደችበት ዑመር (ረ.ዐ) ገባና ይህች ማን ናት ሲል ጠየቀ። ማንነቷ ሲነገረው ከሐበሻ በባሕር የመጣችው እሷ መሆኗን አረጋገጠና፣ እኛ በሂጅራ ቀድመናችኋል፣ ለረሱልም ከእናንተ እኛ እንቀርባለን አላት። አስማ ተቆጣች። እናንተ ከመልእክተኛው ጋር ሆናችሁ የተራበውን ሲያበሉላችሁ፣ የማያውቀውን ሲያስተምሩላችሁ እኛ በሩቅ አገር በስጋትና በመከራ ውስጥ ነበርን ስትል መለሰችለት። ያለውን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሳትናገር ምግብ እንደማትቀምስ፣ ውኃም እንደማትጠጣ ምላ ሄደች። ከሰማችው ላይ እንደማትጨምርም፣ እንደማታጣምምም ተናገረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ካዳመጧት በኋላ ዑመርና ባልደረቦቹ አንድ ሂጅራ እንዳላቸው፣ የመርከቡ ሰዎች ግን ሁለት ሂጅራ እንዳላቸው ነገሯት። ከዚያ በኋላ አቡ ሙሳና የመርከቡ ሰዎች ይህን ሐዲስ ከእሷ አፍ ለመስማት በቡድን በቡድን ወደ እሷ ይመጡ ነበር። በዱንያ ላይ ከዚህ የበለጠ ያስደሰታቸው ነገር አልነበረም።

በሐበሻ ቆይታዋ ሦስት ልጅ ከመውለድና ከማጥባት ሌላ ጦርነት አልዘመተችም። ሁለት ሂጅራ የተባለው እሷንም ይጨምራል። ይህን ነጥብ በተለይ ባሎች ልብ ይበሉልን።

ደስታው ብዙ አልቆየም። በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ጀዕፈር በሙእታ ዘመቻ ሸሂድ ሆነ። የዚያን ቀን ጠዋት አስማ ሊጥ አቡክታ፣ ልጆቿን አጥባና ቅባት ቀብታ ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው የጀዕፈርን ልጆች አምጪልኝ አሏት። አቅፈው አሸተቷቸው፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አስማ ያኔ ገባት። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው፣ ለጀዕፈር ቤት ምግብ እንዲሠራ አዘዙ፤ ሐዘኑ ጠምዷቸዋልና። ዛሬ በእኛ ቀዬ ለሐዘንተኛ ቤት ምግብ ሠርቶ መውሰዱ መሠረቱ ይህ ነው። ለአራስ ቤትም እንደዚሁ ብናደርግ፣ ገንፎውን እኛ ይዘን ሄደን አራሷ ልጇን ይዛ እንድትቀመጥ ብናደርግ፣ ምክር ከማብዛት ይልቅ ወተቷን የሚያበዛላት ይህ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ተመልሰው መጡ። ፀጉር አስተካካይ አስጠርተው የልጆቹን ራስ አስላጩ። ዐብደላህ በመልክም በጠባይም እሳቸውን እንደሚመስል ተናገሩ፤ እጁን ይዘውም በንግዱ በረካ እንዲሆንለት ዱዓ አደረጉለት። እናትየዋ የልጆቹን የቲምነት ስታነሳ፣ በዱንያም በአኺራም ወልያቸው እሳቸው ሆነው ሳሉ ስለ ድህነት መፍራት እንደሌለባት ነገሯት።

ከዚህ ጋር የሚሄድ በሶሒሕ ሙስሊም የተዘገበ ሌላ ነገር አለ፤ እኛ ከዚህች ሴት ሕይወት ውስጥ ለወጣት እናት አጥብቀን የምንነግረው እሱን ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የጀዕፈርን ልጆች ከስተው አዩአቸው። አስማን የወንድሜ ልጆች ሰውነት ለምን እንዲህ ሆነ፣ የሚያስፈልጋቸው ነገር ጎድሎ ነው ወይ ብለው ጠየቋት። እሷም አይደለም፣ ዓይን ቶሎ ይይዛቸዋል አለች። ሩቅያ እንድታደርግላቸው ፈቀዱላት፤ የምትቀራውንም አሰማቻቸውና አጸደቁላት።

የነገሩን ቅደም ተከተል አስተውሉ። ዓይን እውነት መሆኑን ራሳቸው ያስተማሩ ነቢይ ናቸው። የከሳ ልጅ ሲያዩ ግን መጀመሪያ የጠየቁት ስለ ዓይን አይደለም። የጎደለባቸው ነገር አለ ወይ ነው ያሉት። በእኛ አካባቢ ይህ ብዙ ጊዜ ይገለበጣል። ልጅ ሲከሳ ወይም ጡት አልይዝ ሲል ገና ከመጀመሪያው ዓይን ነው፣ ቡዳ በላው ይባላል፤ እናትየዋ ልጇን ሸፍና ከሰው ፊት ማጥባት ትተዋለች፣ ከዚያም ትፈራለች፣ በፈራች ቁጥር ማጥባቷ ይቀንሳል። ክታብ ፍለጋ ከሚኬድ በፊት ሊጠየቅ የሚገባው ቀላል ጥያቄ ይቀራል፦ ልጁ በቀን ስንት ጊዜ ይጠባል? ሌሊትስ? አፉን ከፍቶ ጥቁሩን የጡት ክፍል በደንብ ይዟል ወይስ ጫፉን ብቻ ነው የሚጎትተው? እናቲቱ ራሷ ምን በልታ አደረች? ጡቷ ቀልቶ፣ ግሎ፣ ትኩሳት ይዟት እንደሆነ፣ ወይም ሕፃኑ እየደከመ መጥባት ካቆመ ለነገ የሚባል ነገር አይደለም፤ ያኔውኑ ወደ ጤና ጣቢያ ነው። ፋቲሓውንና ሙዐወዘተይኑንም እየቀሩ፣ ይህንንም እየጠየቁ። አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

ማጥባት ያልቻለች እናት ብትኖርስ? ትኖራለች፤ በሕመም፣ በመድኃኒት ምክንያት፣ ወይም በሌላ። ሱረቱ ጦላቅ ነገሩ ካስቸገረ ሌላ ሴት ታጠባለች ብሎ በሩን ከፍቶታል። ረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸውን ከእናታቸው ሌላ ሱወይባና ሐሊማ አጥብተዋቸዋል። ስለዚህ ያልቻለችውን መውቀስ ከዲኑም ከምሕረትም የራቀ ነው።

አስማ ከጀዕፈር በኋላ አቡበክር ሲዲቅን (ረ.ዐ) አገባች። በ10ኛው ዓመተ ሂጅራ ሰው ሁሉ ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ጋር ሐጅ ሊያደርግ ከመዲና ሲወጣ እሷም ነፍሰ ጡር ሆና ወጣች። ዙልሑለይፋ፣ ከተማዋን ለቅቀው ብዙም ሳይርቁ፣ ምጥ ያዛት፤ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክርን እዚያ ወለደች። ሌላ ሰው ቢሆን ሐጁ ቀረብኝ ብሎ ይመለስ ነበር። እሷ ግን ምን ላድርግ ብላ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ላከች። እንድትታጠብ፣ በጨርቅ አጥብቃ እንድትታሰርና ኢሕራም እንድታደርግ ታዘዘች። ጃቢር (ረ.ዐ) ያስተላለፈው ረጅሙ የሐጅ ሐዲስ የሚጀምረው በዚህች አራስ ነው። እስከ ዛሬ ድረስ በኒፋስ ላይ ያለች ሴት ኢሕራም የምታደርግበት መረጃ የእሷ ወሊድ ነው።

እናቶች ዲናቸው ከእናትነታቸው ጋር የሚጋጭ የሚመስላቸው ጊዜ አለ፤ በተለይ በረመዳን። ልጄን እያጠባሁ ጾሜን ብተው ኃጢአት አይሆንብኝም ወይ ይላሉ። ለራሷ ወይም ለልጇ የሰጋች አጥቢ ጾሙን ማዘግየት እንደምትችል በሐዲስ የመጣ ሩኽሷ ነው፤ ቀዷና ፊድያውን በተመለከተ በመዝሀቦች መካከል ልዩነት ስላለ የአካባቢዋን ዑለማ ትጠይቅ። ሱረቱል በቀራህም በ233ኛው አንቀጽ ለማሟላት ለፈለገ ሁለት ዓመት ሙሉ ማጥባትን ሲያነሳ፣ ወዲያው ምግቧንና ልብሷን በአባት ላይ አድርጓል፤ በልጇ ምክንያትም እንዳትጎዳ ከልክሏል፤ ጡት ማስጣሉም በሁለቱ ምክክርና ስምምነት እንጂ በአማት ወይም በጎረቤት ውሳኔ አላደረገውም። አባት በዚህ ውስጥ ተመልካች አይደለም።

ለመንግሥትም ድርሻ አለው። ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነቱ ዘመን በመጀመሪያ ድጎማ የሚቆርጠው ጡት ለጣለ ልጅ ነበር። አንድ ሌሊት በመዲና ዳርቻ ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቅ የሕፃን ለቅሶ ሰማ፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሶ እናትየዋን ጠየቃት። ማን እንደሆነ አላወቀችውም። ዑመር ጡት ላልጣለ ስለማይሰጥ ቶሎ ልታስጥለው እየታገለች መሆኑን ነገረችው። ዑመር ሱብሒን እያለቀሰ አሰገደ፤ ከዚያም ለተወለደ ሙስሊም ሕፃን ሁሉ ከተወለደበት ቀን ጀምሮ እንዲቆረጥለት አወጀ። ያቺ እናት ችግሯ ወተት አልነበረም። ዛሬ በአገራችን ሕግ ተቀጣሪ እናት ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው፤ ልጁ ጡት ብቻ እንዲጠባ የሚመከረው ስድስት ወር። በቅዳሜ ገበያ ድንች የምትሸጥ እናት ደግሞ 90ውም ቀን የላትም።

አስማ በሐበሻ ያየችውን አልረሳችም። ፋጢማ (ረ.ዐ) ከሞተች በኋላ ሰውነቷ በጨርቅ ስር ቅርጹ መታየቱ ሲያስጨንቃት፣ አስማ በሐበሻ ያየችውን ነገረቻት፤ እርጥብ የዘንባባ ዘንግ አጉብጣ፣ ጨርቅ ጥላበት አሳየቻት። ፋጢማ ወደደችው፤ ስትሞትም በዚያው ተሸፍና ተወሰደች። አቡበክርም (ረ.ዐ) በ13ኛው ዓመተ ሂጅራ ሲሞት በኑዛዜው መሠረት ያጠበችው አስማ ናት።

ከዚያ ዐሊይ ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) አገባት፤ ለእሱም ወለደች። ሕፃኑ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክርም በዐሊይ ቤት አደገ። ሁለቱ ሙሐመዶች፣ የጀዕፈርና የአቡበክር ልጅ፣ የእኔ አባት ይበልጣል እየተባባሉ ሲከራከሩ ዐሊይ እናታቸው እንድትፈርድ ጠየቃት። ከወጣት እንደ ጀዕፈር ያለ፣ ከሽማግሌም እንደ አቡበክር ያለ አላየሁም አለች። ዐሊይ ለእኛ ምንም አላስቀረሽልንም ሲል ቀለደ ይባላል።

በ38ኛው ዓመተ ሂጅራ ሙሐመድ ኢብኑ አቢበክር በግብጽ ተገደለ። በዙልሑለይፋ መንገድ ላይ የወለደችው ልጅ ነው። ወሬው ሲደርሳት አስማ በቤቷ ወዳለው መስገጃዋ ገብታ ተቀመጠች፤ ቁጣዋን ዋጠች። ኢብኑ ሐጀር እንደዘገቡት ከጡቶቿ ደም እስኪፈስ ድረስ።

ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም። በሐበሻ ያጠባችው የበኩር ልጇ ዐብደላህ ግን ረጅም ዕድሜ ኖረ። ለጋስነቱ የታወቀ ሆኖ የቸርነት ባሕር እስከ መባል ደረሰ፤ መዲና ላይ በ80ኛው ዓመተ ሂጅራ ሞተ። አላህ በእናቱም በእሱም ይውደድ።